«ከሥዕሉ ወጥታችኋል»

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ኮሚናል ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ አረጋውያንን ሰብስበን ሥዕል እያሳየን እናወያያለን። አብዛኞቹ መሀል ከተማ ሰፈራቸው ፈርሶ የመጡ፣ እድራቸውና የቡና ጎረቤታቸው የተበተነባቸው ናቸው።

የዚያን ዕለት የሰቀልኩት በባህላዊው አሳሳል የተሠራ የዐድዋ ሥዕል ነበር። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ እቴጌ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው፤ የኛ ሰዎች ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፣ ጣሊያኖቹ በጎን ስለተሣሉ አንድ ዓይን ብቻ። «እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም። ቀደም ሲል ዝምታው ሲያስጨንቀኝ እኔው እመልስ ነበር። የአንድ ዓይኑን ነገር ተንትኜ ስጨርስ «እግዜር ይስጥልን» ይሉና ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ያን ቀን አፌን ያዝኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል ያልተነፈሱ አንዲት እናት ጣታቸውን ወደ ጣሊያኖቹ ቀሰሩ። «እነዚህ ውኃ የጠማቸው ይመስላሉ።»

«ምን አይተው ነው፣ እማማ?»

«ፊታቸውን ነዋ። መቀሌ ላይ እቴጌ ውኃቸውን አስይዘውባቸው የለ?»

ጡረታ የወጡ መምህር ቀበል አደረጉ። «ልክ ነው፤ 1888 ላይ፣ ዐድዋ ሳይደረስ፣ የምሽጉን ምንጭ አስይዘው ነው ያስለቀቋቸው።» ትምህርቱ ሊረዝም ነው ብዬ ስሰጋ እማማ ቀደሟቸው።

«እኔም ተከብቤያለሁ። አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እኔ ጋ አይደርስም። ባዶ ጀሪካን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሲሞላ ግን ይዤው መውጣት አልችልም።»

«ብሎክዎ ስንት ነው?» አሉ መምህሩ።

ነገሯቸው። መምህሩ ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ነኝ» አሉ።

ሁለት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ውኃው በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ፣ የማን የልጅ ልጅ ጉልበት እንዳለው፣ ሁሉም አንድ ላይ ያወራል።

ከኋላ ቁጭ ብሎ ቅጽ ሲሞላ የነበረው ተቆጣጣሪ ሲያልቅ ጠራኝ። «ከሥዕሉ ወጥታችኋል። ስለ ሥዕሉ ያወራችሁት አሥር ደቂቃ አይሞላም።»

«የተወራው ሁሉ ከሥዕሉ የመጣ ነው» አልኩት።

«ቅጹ ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ የለም» አለ። በክፋት አልነበረም፤ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ ሰቅያለሁ፣ ስለ ዓይናቸው ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ ጥማታቸውን አይቼ አላውቅም። እማማ አዩት። ይህንን ልነግረው ሲገባ ፈርሜ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማማና መምህሩ አብረው መጡ። እማማ ሳይቀመጡ ግድግዳውን ቃኙና «ያ ሥዕል የት ሄደ? እነዚያ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አሉ።

«ምኒልክ ለቀቋቸው፤ ከምሽጉ ወጥተው ሄዱ» አሉ መምህሩ።

ይዤ የመጣሁትን አዲስ ሥዕል ጠቅልዬ የዐድዋውን ሰቀልኩ።