የሲኒየሪቲ ዝርዝር

ትናንት ማታ አዲሱ የሲኒየሪቲ፣ ማለትም የቅጥር ቅደም ተከተል፣ ዝርዝር ወጣ። ሁላችንም ስልካችንን ከፍተን ስማችንን ፈለግን። ከላይ ያሉ ሰዎች ጡረታ ስለወጡ እኔም ከፍ ብያለሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመርኩና እንቅልፌ ጠፋ።

አሜሪካ ውስጥ ለሚሠራ ፓይለት ይህ ወረቀት ሁሉ ነገሩ ነው። የተቀጠርክበት ቀን ቁጥርህን ይሰጥሃል። ቁጥርህ ደግሞ የምታበረውን አውሮፕላን፣ የምትነሳበትን ከተማ፣ ካፒቴን የምትሆንበትን ዓመት ይወስናል። በየወሩ ፕሮግራም ስንመርጥ ከላይ ያለው ቀድሞ ያነሳል፤ የተረፈው ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለ ሰው የፈረንጆቹን ገና ሰማይ ላይ ነው የሚያሳልፈው። እኔ በዚህስ ተጠቅሜያለሁ። ታኅሣሥ 29ን ማንም ስለማይሻማኝ የኛን ገና ከቤተሰቤ ጋር ነኝ።

ክፋቱ፣ ቁጥሩ የሚሠራው እዚያው ድርጅት ውስጥ ብቻ ነው። አየር መንገድህ ከተዘጋ የሃያ ዓመት ልምድህን ይዘህ ሌላ ቦታ ትቀጠርና ባለፈው ወር ከገባው ልጅ በታች ትሰለፋለህ። ደመወዝህም የጀማሪ ነው። ሐኪም ሆስፒታል ሲቀይር ልምዱ አብሮት ይሄዳል። የኛ አይሄድም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቲ ደብሊው ኤ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ፊቴ ይደቀናል። ለኢትዮጵያዊ ስሙ ባዕድ አይደለም። አየር መንገዳችን በ1945 ሲቋቋም ውሉ የተፈረመው ከነሱ ጋር ነው (ከዚህ በኋላ ወርና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ሲሄድ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዋና አብራሪነት የተቀመጡት በ1957 ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኢትዮጵያዊ እስኪሆን ደግሞ 1971 መድረስ ነበረበት። ሥራውን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ውለታ ነው።

ቲ ደብሊው ኤ ራሱ በ1930 ከውህደት የተወለደ ድርጅት ነበር። በ1978 መንግሥት ዋጋና መስመር መወሰኑን ሲተው ፉክክሩ ከበደው። በ1985 ካርል አይካን የሚባለው ባለሀብት ያዘውና በዕዳ ላይ ዕዳ ተከመረበት። ትርፍ ያመጡለት የነበሩት የለንደን መስመሮች በ1991 አሜሪካን ኤርላይንስ ለሚባለው ተፎካካሪ ተሸጡ። በ1992 ከሰረ፣ በ1995 ደገመው። በ1996 ከኒው ዮርክ የተነሳው በረራ 800 አየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰዎች አለቁ። በጥር 2001 ለሦስተኛ ጊዜ የኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ፤ ያኔ አሜሪካን ኤርላይንስ ገዛው።

ሁለት ድርጅት ሲዋሃድ አውሮፕላኑን በአዲስ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ሁለቱን የሲኒየሪቲ ዝርዝሮች ማዋሃድ ነው ጣጣው። የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች ከቲ ደብሊው ኤ አብራሪዎች ገሚሱን ያህል ከዝርዝሩ ግርጌ ለጠፏቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ያበረረ ሰው፣ በዚያው ዓመት ከተቀጠረ ልጅ ሥር ገባ። የበረራ አስተናጋጆቹ ደግሞ አንድም ሳይቀር ታች ተደረጉ፤ ወደ አራት ሺህ ይጠጉ ነበር።

ከዚያ መስከረም መጣ። እኛ አዲስ አበባ በኛ አቆጣጠር የ1994ን እንቁጣጣሽ እያከበርን ነበር፤ ማታ ቴሌቪዥን ላይ የመንትያ ሕንጻዎቹን ጭስ አየን። ሰው መብረር ፈራ፣ አየር መንገዶች ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። ቅነሳው ደግሞ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው የሚጀምረው። ግርጌው ላይ ማን እንደነበር ይታወቃል። በሐምሌ 2003 ከነዚያ አስተናጋጆች አንድም በሥራ ላይ የቀረ አልነበረም።

የቲ ደብሊው ኤ የመጨረሻ በረራ ታኅሣሥ 1 ቀን 2001 ከካንሳስ ሲቲ ሴንት ሉዊስ ገባ። ቁጥሩ 220 ነበር። ያበረሩት የድርጅቱ ኃላፊ ካፒቴን ዊልያም ኮምፕተን ራሳቸው ናቸው።

የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች ክርክር ይገባኛል። «እኛ ባንገዛችሁ ኖሮ ምንም አይተርፋችሁም ነበር» ነው የሚሉት። ሦስት ጊዜ ለከሰረ ድርጅት ይህ ባዶ ወሬ አይደለም። ግን የሰው ዕድሜ እንደ ዕቃ በርካሽ አይገዛም። የሚዙሪ ሴናተሮች ማካስኪልና ቦንድም ይህን አይተው ነው በ2007 መጨረሻ ሕግ ያስወጡት። ከዚያ ወዲህ ሁለት አየር መንገዶች ሲዋሃዱ ዝርዝሩ በፍትሐዊ መንገድ መዋሃድ አለበት፤ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኛ ይወስናል። ለቲ ደብሊው ኤ ሰዎች ግን አልደረሰላቸውም።

ብዙ ሰው የሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላን ያውቃል። ጥር 15 ቀን 2009፣ 155 ሰው፣ ሁሉም ተረፈ። ካፒቴን ሰለንበርገር በቀጣዩ ወር ምክር ቤት ቀርበው ደመወዛቸው 40 በመቶ እንደተቆረጠና ጡረታቸው እንደተሰረዘ ተናገሩ። ድርጅታቸው ዩኤስ ኤርዌይስ በ2002 እና በ2004 ከስሮ፣ በ2005 ከአሜሪካ ዌስት ጋር ተዋህዷል። ረዳታቸው ጄፍ ስካይልስ ቀድሞ ካፒቴን ነበሩ። ድርጅቱ ሲያንስ ነው ወደ ረዳቱ ቀኝ ወንበር የተመለሱት። ወንዙ ላይ ሰዎቹን ስላዳነው ልምድ ሲወራ ይህን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

አብሬው የምበር አንድ ካፒቴን አለ። የበረራ ቦርሳው ኪስ ውስጥ የድሮ መታወቂያዎቹን በላስቲክ አስሮ ይይዛል። አንድ ሌሊት ሆቴል ስንጠብቅ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ዛሬ የሉም። ከሥራ ሲቀነስ ቤት ቀለም ይቀባ ነበር። ተመልሶ ሲቀጠር በ2007 የጡረታ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ከፍ አለ፤ ከላይ የሚለቅ ሰው ጠፋና ዓመታት ባለበት ቆመ። በላዩ ላይ የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ። ካፒቴን ሲሆን ፀጉሩ ሸብቶ ነበር።

እኔ የገባሁት ከኮሮና በኋላ ነው። በ2020 አየር መንገዶቹ አንጋፋዎቹን ገንዘብ ሰጥተው በጊዜ ሸኟቸው። በዓመቱ ተሳፋሪው ሲመለስ አብራሪ ጠፋ፣ በረራ ተሰረዘ። ያ ካፒቴን ሃያ ዓመት የወሰደበትን እኔ በጣት በሚቆጠሩ ዓመታት ልደርስበት ነው። በችሎታ አልበልጠውም። በደህና ቀን መጣሁ፣ ይኸው ነው። ማስታወሻውን የጻፍኩት ይህን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ ስላቃተኝ ነው።

በኮሮናው ጊዜ የኛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያደረገው እስከ ዛሬ ያኮራኛል። የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር ነቅሎ ጭነት አመላለሰ፤ የመንግሥት ድጎማ አልጠየቀም፣ ቋሚ ሠራተኛም አላባረረም። ቀውስ ሲመጣ ሰው መቀነስ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ አዲስ አበባ ላይ ታይቷል።

እዚህ ግን ነገሩ አላበቃም። በጥር 2024 ፍርድ ቤት ጄትብሉ የሚባለው አየር መንገድ ሌላውን አየር መንገድ ስፒሪትን እንዳይገዛ ከለከለ፤ ምክንያቱ የቲኬት ዋጋ እንዳይንር ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ስፒሪት ከሰረ፣ ፓይለቶቹም ተቀነሱ። ለተሳፋሪው ታስቦ ነበር። እነዚያ ፓይለቶች ግን በዝርዝር ግርጌም ቢሆን ቢዋሃዱ ይሻላቸው ነበር ብዬ ከማሰብ አላመልጥም።

የአክስቴ ልጅ እዚህ ቨርጂኒያ የበረራ ሥልጠናውን እየጨረሰ ነው። «የቱ ጋ ላመልክት?» ይለኛል። አርማውንና ዩኒፎርሙን ተወው አልኩት። ዕዳቸውን እይ። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ስንት ካፒቴን ጡረታ እንደሚወጣ ጠይቅ። ሁለት የመግቢያ ቀን ካቀረቡልህ ደግሞ የቀደመውን ያዝ፤ የሰው ሠርግ ስላለብኝ ብለህ አንዲት ሳምንት እንዳታሳልፍ።