ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ላይ

ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጫካ ውስጥ 3 ልጆች ዳገቱን በሩጫ ሲመላለሱ አገኘሁ። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው። ብርዱ አይጣል ነበር፣ የአንዱ ጫማ ደግሞ ጎኑ ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። "ትምህርት ቤታችሁ ቡድን የለውም እንዴ?" አልኳቸው። "አለ ጋሼ፣ ግን የሚሠራው ውድድር ሲደርስ ብቻ ነው" አለችኝ።

እና በራሳቸው ይሠራሉ፣ ያውም 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዛሬ እረፉ የሚላቸው ትልቅ ሰው ሳይኖር። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው። በቆጂ ላይ እነ ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ እኮ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ! አንድ የሚከታተል አስተማሪ ስንት ነገር ይለውጣል።

ልጅቷ ቅልጥሟን ካመማት 2 ወር ሆኗታል። እሁድ ፊዚዮቴራፒስት ጓደኛዬን ይዤ እመለሳለሁ ብያታለሁ።