«ጥይት ነው የምትሠሪው?»

ባለፈው እሑድ ሱሉልታ እናቴ ቤት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ከታችኛው ግቢ የመጡት እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው ጠየቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ቤት ነው አሉ የምትሠሪው። ጥይት ነው የምትሠሪው?» ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔም መልሱ ጠፍቶኝ ሳይሆን የቱን መናገር እንደምችል ሳሰላ ዘገየሁ። በገዛ እናቴ ቤት እንኳ ቃሌን መርጬ ነው የማወራው።

ጥይት አልሠራም። የምመራው የተመራማሪዎች ቡድን የሚያጠናው፣ የጂፒኤስ ምልክት ሲታፈን አውሮፕላንና መርከብ ያሉበትን ቦታ በምን ይወቁ የሚለውን ነው። ከቦሌ ሱሉልታ ያመጣኝ የራይድ ሹፌር ስልኩ ላይ የሚያየው ቦታ፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት የሚሰላ ነው። ርቀቱ የሚለካው ምልክቱ ለመድረስ በፈጀበት ጊዜ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ሰዓት ነው፤ አንዱ ሰዓት በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ሜትር ይሳሳታል። ጂፒኤስን እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመረው የአሜሪካ መከላከያ ነው። ለሲቪሉ ሆን ተብሎ ይበላሽ የነበረው ጥራት የተለቀቀውም እ.ኤ.አ. በ2000 ግንቦት (ሜይ) ወር ነው።

የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ነው። «አክስቴ፣ እንዳንቺ ልሁን» ይለኛል። ለእሱና ለመሰሎቹ አንድ ቀን ልንገራችሁ።

ዶክትሬቴን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እሠራ ነበር፤ ዜግነት ገና አላገኘሁም። አንድ የመከላከያ ምርምር ተቋም ሥራዬን እንዳቀርብ ጠራኝ። በር ላይ ያንጠለጠሉልኝ ባጅ በቀይ ፊደል «ያለ አጃቢ አይንቀሳቀስ» የሚል ነበር። አንድ ወጣት ተመደበልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ፣ ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቆ ከአዳራሹ እንድወጣ ነገረኝ። በገዛ ስሌቴ ላይ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ሊነጋገሩ ነው፤ እኔ ግን ውጪ። ሽንት ቤት ስል ልጁ ተከተለኝ። በሩን አንኳኩቶ ሰው መኖሩን ጠየቀ፣ አስገባኝና እደጃፉ ቆመ። በበሩ ሥር ጥቁር ጫማው ይታየኛል። ሱሉልታ ያደገች ሴት ወንድ እደጃፏ ቆሞ እየሰማት! ቧንቧውን ከፍቼ እጄ እስኪደነዝዝ ውሃው ሥር ያዝኩት። ስወጣ «ጨረሽ?» አለኝ በትሕትና። ጨዋ ልጅ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያመኝም ጨዋነቱ ነው፤ ቢያመናጭቀኝ መልስ ነበረኝ።

ከዜግነት በኋላ ደግሞ ክሊራንስ፣ ማለት ምስጢራዊ ሥራ ለመሥራት የሚሰጠው ፈቃድ፣ መጣ። ለዚህ የሚሞላው ኤስኤፍ-86 የሚባለው ቅጽ ከ100 ገጽ ይበልጣል። የ10 ዓመት አድራሻ፣ የዘመድ ሙሉ ስምና የልደት ቀን። መርማሪው እናቴ፣ አባቴና እኔ የአያት ስማችን ለምን እንደሚለያይ ሊገባው አልቻለም፤ ለእነሱ ቤተሰብ ማለት አንድ ስም ነው። ዕቁቡን ሳስረዳው አንድ ከሰዓት አለቀ። እኛም አናግዝም። የአባቴን ጓደኛ ዕድሜ ልኬን «አጎቴ» ስለው ኖሬ፣ «በእናት ነው በአባት?» ስባል ምን ልበል? የአክስቴን ልደት ብጠይቅ «የኪዳነ ምሕረት ማግስት» ነው መልሱ፤ ዓመተ ምሕረቱ የለም።

ብዙ ሰው አራቲ ፕራባከርን እየጠቀሰ «ስደተኛም ይደርሳል» ይላል። እውነት ነው። ኒው ዴልሂ ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ዳርፓ የሚባለው የመከላከያ ምርምር ድርጅት ገብታ፣ ከ2012 እስከ 2017 ራሱን ድርጅቱን መርታለች። ግን አሜሪካ የገባችው በ3 ዓመቷ ነው። አንተ ዲግሪህን ይዘህ በ25 ዓመትህ ስትገባ መንገዱ ሌላ ነው። ክሊራንስ ያለ ዜግነት አይሞከርም፤ ለዜግነት ደግሞ አብዛኛው ሰው በግሪን ካርድ 5 ዓመት ይጠብቃል። እስከዚያ ጎበዝ ሆነህ ደጅ ትቆማለህ። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ፣ ለሕትመት ክፍት በሆነው ምርምር ጀምር፤ ያ ለውጭ ተማሪም ክፍት ነው። የሥራ ማስታወቂያውን ስታነብ ዜግነት ይላል ወይስ ግሪን ካርድም ይበቃል፣ ለይተህ እይ። ቅጹ ላይ ዘመድ አትደብቅ፤ መደበቁ ራሱ ሊጥልህ ይችላል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሁለት አሉልህ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ታኅሣሥ ከቻይና የመጠቀችው 72 ኪሎዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም መቆጣጠሪያዋ እዚያው ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ተራራ ሳታይ ቪዛ አትጠይቅ።

ዳርፓን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የመራው ጆርጅ ሃይልማየር፣ ገንዘብ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ሁሉ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ልትሠራ ነው? የሙያ ቋንቋ ሳትጠቀም ንገረኝ» የሚል ነበር። እኔም ቡድኔን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። እኚያ እናት የጠየቁኝም ይህንኑ ነው።

«መንገድ የጠፋበት መንገዱን እንዲያገኝ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«ለጦርም?»

«ለጦርም፣ እማማ።»

ዝም ብለው አዩኝ። «እንግዲህ እግዜር ለበጎ ያድርገው» ብለው ስኒያቸውን አነሱ። እናቴም ቀና አለች።

ማታ የእህቴ ልጅ ደብተር ይዞ አያቱ እግር ሥር ተቀመጠ፤ የወንድሞቿን፣ የእህቶቿን ስምና ልደት እየጠየቀ ይጽፋል። አክስቴ የተወለደችው ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ እየተባለ ክርክሩ እኩለ ሌሊት ደረሰ። ደብተሩ ላይ እስካሁን ዐሥራ አንድ ስም አለ፤ ቀን ያለው አራቱ ብቻ ነው።