ልጁን ከቀብር አታስቀሩት፤ ሳታዘጋጁትም አትውሰዱት

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሲሞት ከቤት ቶሎ የሚሸሸው ልጅ ነው። የዕድሩ ድንኳን ሳይተከል ሳቢያን ሰፈር አክስቱ ጋር ወይም ሐረር ዘመድ ቤት ይላካል። «ሕፃን ነው፣ አይችለውም» ይባላል። ከሳልስት በኋላ ሲመለስ ድንኳኑ ተነስቷል፣ የአባቱ ልብስ ከቁም ሣጥኑ ወጥቷል፣ እናቱ ጥቁር ለብሳለች፤ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ያላየውንም በራሱ ይሞላዋል፤ ልጅ በራሱ የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው።

አሜሪካ ቦስተን አካባቢ እናት ወይም አባት የሞተባቸውን 125 ልጆች ከ70 ቤተሰቦች ወስዶ ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ከዚያ የምንወስደው ልጁ ቀብሩ ላይ መገኘቱን ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ተነግሮት መሄዱን ነው። እኛ ጋ የሚጎድለውም ይኸው ነው። ወይ ጨርሶ እንሰውረዋለን፣ ወይ አንድም ቃል ሳንነግር ከለቀስተኛው መሀል እንጥለዋለን።

መጀመሪያ ቃሉ ይነገር፦ «ሞተ»። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ አገር ሄደ» የተባለው ለምን ሳይሰናበተኝ ሄደ ብሎ ይቀየማል፣ በር በተንኳኳ ቁጥርም ይሮጣል። «እግዜር ወዶ ወሰደው» የሚለው ለትልቅ ሰው መጽናኛ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን ቀጥሎ እናቴን ቢወድስ ብሎ ይሰጋል። «አያትህ ሞተች። ልቧ መምታት አቁሟል። አትተነፍስም፣ አይርባትም፣ አያማትም። ተመልሳ አትመጣም።» (ድሬ አያቱንም «አንቺ» የሚል ከተማ ነውና ልጁ እንደለመደው ይነገረው።) ከአምስት ዓመት በታች ያለው ነገም «መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል፤ ሳትቆጡ ያንኑ ድገሙለት። ከፍ ያለው «ተቆጥቻት ስለነበር ነው የሞተችው» ብሎ ሊያምን ይችላልና ሳይጠይቅም «በአንተ ምክንያት አይደለም» በሉት።

ቀጥሎ የቀብሩን ሂደት ከመነሻው እስከ መመለሻው ንገሩት። አስከሬኑ ይገነዛል፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። ካህናቱ ያጥናሉ፣ ፍትሐት ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ከዚያ ሣጥኑ በገመድ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፣ አፈር ይመለስበታል። ወደ ቤት ተመልሰን እጃችንን እንታጠባለን፣ ንፍሮ ይቀርባል። ስለ ጩኸቱም ንገሩት፦ ሰዎች ደረታቸውን ይደቃሉ፣ መሬት ላይ የሚወድቅም ይኖራል፤ የሐዘን ነው፣ ማንም እየመታቸው አይደለም። ልጅ ከሬሳው ይልቅ ይህንን ነው የሚፈራው፤ እናቱን እንዲያ ሆና አይቷት አያውቅምና።

አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ለብቻው ይነገረው። ያልተነገረው ልጅ «ይታፈናል! አውጡት!» ብሎ የሚጮኸው እዚያ ላይ ነው። የሞተ ሰው እንደማይተነፍስ፣ እንደማይበርደው ቀድሞ የሰማ ግን ያንን ቃል ያስታውሳል።

ከዚያ ጠይቁት፦ «ትሄዳለህ ወይስ ቤት ትቆያለህ?» ሁለቱም ልክ ነው፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቢቀይርም ልክ ነው። ፊቷን ማየት ከፈለገ ሳትገነዝ፣ ሰው ሳይበዛ ይግባ፤ ብትነካት ሰውነቷ ቀዝቃዛ ነው በሉት። «ሳማት» ብሎ አንገቱን ይዞ ማጎንበስ ግን ይቅር።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው ለልጁ አንድ ሰው መመደብን ነው። እናቱ ልትሆን አትችልም፤ እሷን ራሷን ሁለት ሰው ደግፏታል። ልጁ የሚወደው፣ ሐዘኑ ያልከበደው ጎረቤት ወይም የአጎት ሚስት ይሁን። ሥራው ልጁ ብቻ ነው፤ ሣጥን አይሸከምም፣ እንግዳ አያስተናግድም። ሰዓቱ ቢደርስም ባይደርስም ልጁ «እንሂድ» ሲል ይዞት ይወጣል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ያልፋልና ውኃ፣ ኮፍያና ጥላ ይያዝ፣ ልጁም ሳይበላ አይውጣ። በፀሐይ ተዝለፍልፎ የወደቀ ልጅ «አየህ፣ አልቻለውም» ይባላል፤ የጣለው ግን ጥማት ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አታቁሙት። አዲስ የተቆፈረ አፈር ይናዳል፣ ሣጥኑ ሲወርድም ሰው ወደፊት ይገፋል። አምስት ሜትር ያህል ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢቆም ይበልጥ ያያል።

ፎቶ ወይም ጧፍ መያዝ፣ አበባ ማስቀመጥ ለልጅ የሚሆን ሥራ ነው፤ ሥራ ያለው ልጅ እጁን የት እንደሚያደርግ ያውቃል። ከብዶት ሲመልሰው የሚቀበለው ሰው አጠገቡ ይኑር። የሕይወት ታሪክ ማስነበብ ግን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክርም፤ ድምፁ ሲቆረጥ ለቅሶው ይጋጋልና በራሱ ጥፋት የሆነ ይመስለዋል።

ድሬ ውስጥም ሐረር ውስጥም ልጁ የሙስሊም ጎረቤቱን ጀናዛ ማየቱ አይቀርም፤ በአንዳንድ ቤተሰብ ደግሞ ሁለቱም አለ። ቀብሩ ይፈጥናልና ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው። ሟቹ ይታጠባል፣ በነጭ ከፈን (የመገነዣ ጨርቅ) ይጠቀለላል፤ ብዙ ጊዜ ያለ ሣጥን ስለሚቀበር ይህ አስቀድሞ ይነገረው። ሶላቱ በቁም ብቻ ነው፣ ሩኩዕ (ማጎንበስ) እና ሱጁድ (ግንባርን መሬት ማስነካት) የለውም። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ መቃብር ስለማይሄዱ የሴት ልጅ ስንብት ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ መሆን አለበት። በችኮላው ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ሲለው የተመደበው ሰው በትሕትና ያቋርጥ። የስምንት ዓመት ልጅ ቃል በቃል ይወስደውና ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ፊት ማልቀስ ያቆማል። አልቅሶ ወዲያው ኳስ ሊጫወት ቢሮጥ ደግሞ አትቆጡት፤ ልጅ የሚያዝነው እየቆራረጠ ነው።

ትምህርት ቤት ከመመለሱ በፊት ለክፍል ኃላፊው መምህር ይነገር፤ ጓደኞቹ ምን እንዲያውቁ እንደሚፈልግም ልጁ ራሱ ይጠየቅ። በ40 ቀኑና በሙት ዓመቱ ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ከዓመት በፊት ያልገባው አሁን ገብቶታልና። ቀብሩ ቀን ቤት መቆየትን የመረጠ ልጅም በ40 ቀኑ «መቃብሩን አሳዩኝ» ሊል ይችላል። ያኔ ሰው ሳይበዛ፣ በጠዋት፣ በዚያው ሰው እጅ ይሂድ።