ልጣጩ ለኔ፣ እንጨቱ ለእማማ

ሰሞኑን ግቢያችን ያሉትን ኮኩንና አፕሉን ከረከምናቸው (አፕሉ ችግኙ ከጨንቻ የመጣ ነው፣ ፍሬው ግን እስካሁን እዚህ ግባ የማይባል)፣ ጎረቤታችን እማማ የጭራሮውን ክምር አይተው "ለማገዶ ልውሰደው?" አሉኝ። ቆይ ቀለም ላወጣበት ነው ስላቸው "ከጭራሮ ደሞ ምን ቀለም ይወጣል አንቺ ልጅ" ብለው ሳቁብኝ።

ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፣ በተለይ ከላይኛው ግራጫ ስር ያለችው እርጥቧ ላይ። እንጨቱ ሳይደርቅ በቢላ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው፣ ከደረቀ በኋላ አልላጥ ብሎ ጣት ያስቆርጣል።

መጀመሪያ የኮኩን ልጣጭ እንደ ሽሮ አንተከተኩትና የወጣው በቃ የጎርፍ ውሃ ነው። ሁለተኛ ዙር አፕሉን 5 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ከዛ በቀስታ እሳት፣ እንፋሎት እያለው ግን ሳይፈላ 1 ሰዓት አቆይቼ እንደዛው አሳደርኩትና አጠለልኩት። ደጅ በከሰል ነው የሰራሁት፣ በተለይ የኮክ ቅጠልና ቅርንጫፍ ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያወጣ ነገር ስላለው ቤት ዘግቶ መቀቀል አይሆንም፣ ድስቱም ወደ ወጥ አይመለስም።

ትልቁ ጣጣ ግን ጨርቁ ነው። ሱፍ ቢሆን ቀለሙን ቶሎ ይይዛል፣ ጥጥ ግን ልግመኛ ነው። ሽሮ ሜዳ ከዶርዜ ሸማኔዎች የገዛሁት 400 ግራም የሚሆን ነጭ የፈትል ጨርቅ ነበር፣ እሱን በሳሙና ቀቅዬ አጠብኩት፣ ቀጥሎ የሮማን ልጣጭ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት ምክንያቱም ጥጥ መጀመሪያ ታኒን (ልጣጩ ውስጥ ያለው አፍ የሚያጨማድደው ነገር) ካላገኘ አሉሙን (ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያስይዘውን ጨው) በደንብ አይቀበልም፣ ከዛ 60 ግራም አሉም በሞቀ ውሃ፣ ከዛ ነው ገና ቀለሙ የሚገባው። ልጣጩ ደግሞ 800 ግራም ነበር፣ የጨርቁን እጥፍ፣ ያን ያህል ለመላጥ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ።

(አፕሉም ሸማኔዎቹም ከአንድ ተራራ፣ ከጋሞ መጥተው እኔ ድስት ውስጥ መገናኘታቸው ግን አይገርምም?)

የወጣው ቢጫ ደማቅ አይደለም፣ የማር አይነት ነው፣ እኔ ግን ከሱቁ ቢጫ አስር እጥፍ ወደድኩት። ጫፉን ቆርጬ የዛገ ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፌ ያዘጋጀሁት ውሃ ውስጥ ለትንሽ ደቂቃ ነከር ሳደርገው ዓይኔ እያየ ወደ ወይራ አረንጓዴ ዞረ። ብረቱ በጣም ትንሽ ነው የሚበቃው፣ ሲበዛ ጨርቁን ይበላዋል።

እማማ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያዩት በእጃቸው ዳበስ አድርገው "ሲታጠብ ይለቃል" አሉ፣ ሁለቴ አጠብኩት፣ ትንሽ ነው የለቀቀው። የተላጠውን እንጨት ተሸክመው ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው "ሰማያዊስ አይወጣውም?"

አይወጣውም እማማ።