«ዲፖዚት ክፈሉ» የማይባልበት መድን

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው። ድርጅታችን ለዓመታት ሠራተኛውን የሚያሳክመው በደረሰኝ ነበር። ከኪስህ ከፍለህ ትታከማለህ፣ ደረሰኙን ታመጣለህ፣ ፋይናንስ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይመልስልሃል። ለጉንፋንና ለታይፎይድ ይህ ይበቃል። ከባድ ሕመም ሲመጣ ግን ገንዘቡ የሚፈለገው ገና በር ላይ ነው።

ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን የአንድ ሾፌራችን ባለቤት በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት የተባለች ሌሊት ነው። ሆስፒታሉ ዲፖዚት ጠየቀ። ደመወዝ ገና አልገባም። ሾፌራችን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፈ፤ ያልተኛ ሁሉ ያለውን በቴሌብር ላከለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም በሰላም ወጡ። ድርጅቱም በኋላ ጣሪያው የፈቀደውን ያህል መለሰለት። ቀሪው ግን ዕዳ ሆኖበት ከረመ።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጃችን ኮሚቴ አቋቋሙ። ጥያቄው መድን እንግዛ ወይስ የሕክምና በጀቱን እናሳድግ የሚል ነበር። እኔም ተመረጥኩ።

መጀመሪያ ሕጉን አየን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምና ወጪውን አሠሪው ይሸፍናል። ተራ ሕመም ሲሆን የምታገኘው የሕመም ፈቃድ ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሕመሙ በቆየ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፣ ገቢው ይመነምናል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ቢወጣም ለተቀጣሪው ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ተጓትቷል።

የፋይናንስ ባልደረቦቻችን በጀቱ ይደግ ባይ ነበሩ። ብዙ ሰው ካልታመመ ገንዘቡ እኛው ጋ ይቀራል አሉ። ልክ ናቸው። ግን በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ሰው ከባድ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው በጀቱ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚታመመው ምን ይባላል? እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በደረሰኝ ሲሆን የሐኪም ማዘዣው በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ እናያለን። ይህን ፈርተው ደረሰኛቸውን ሳያመጡ የሚቀሩ ሰዎች ነበሩ። የሰው ሕመም ለባልደረባው መታየት የለበትም ብዬ አጥብቄ ተከራከርኩ።

መድኑ ተወሰነ። በአገራችን የጤና መድን በአብዛኛው የሚሸጠው ለድርጅት በቡድን ስለሆነ ከሦስት መድን ሰጪዎች ዋጋ ጠየቅን። የአንደኛው የዓመት ጣሪያ ከሁሉም ይበልጣል፤ የጥርስና የመነጽርም አለው። አብዛኛው ሠራተኛ ወዲያው እሱን ወደደ።

ወኪሉ መጥቶ ሲያስረዳ የመጋዘን ሠራተኛችን እጃቸውን አወጡ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው።

«ወንድሜ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ቢታመምብኝ ይሄን ካርድ አሳይቼ እገባለሁ ወይስ ዲፖዚት ክፈይ እባላለሁ?»

«ከፍለው ደረሰኙን ያቀርባሉ፣ እትዬ። በአጭር ጊዜ ውስጥ እንመልሳለን።»

«ታዲያ ይሄማ ያው የድሮው ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሾፌራችንም እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስቱን ውሎች በእሳቸው ጥያቄ መዘንናቸው። ትልቅ ጣሪያ ያለው መድን፣ ጣሪያው ለመላው ቤተሰብ በጋራ ነበር፤ አባት ከተጠቀመበት ለልጅ አይተርፍም። ተመላላሽና ተኝቶ ሕክምናም ከአንድ ቋት ነው። በየወሩ ለላቦራቶሪ የሚወጣው ገንዘብ ለቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን ይበላዋል ማለት ነው። ለወሊድ የተመደበው ደግሞ ለብቻው ትንሽ ነው። የቆየ ስኳርና ደም ግፊት አይሸፈንም የሚል አንቀጽም መጨረሻ ገጽ ላይ አገኘን። የሚከታተሉት ሠራተኞቻችን ጥቂት አይደሉም።

የመረጥነው ጣሪያው አነስ ያለውን ነው። መነጽር የለውም። ግን ተኝቶ ለመታከም የራሱ ጣሪያ አለው፣ ውል በገባባቸው ሆስፒታሎችም በዱቤ ያሳክማል፤ በር ላይ ሳትከፍል ትታከማለህ፣ ሂሳቡን መድን ሰጪው ለሆስፒታሉ ይከፍላል። የሆስፒታሎቹን ዝርዝር ተቀብለን ሠራተኞቻችን በሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንጻር አየነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሌሊት የሚሠራ ስላልነበረ እንዲጨመር ጠየቅን፣ ጨመሩ። የስኳርና የግፊት ክትትልም ከመጀመሪያው ቀን እንዲሸፈን ተደራደርን። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምንከፍለው ገንዘብ፣ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ተቀበሉት። እንደ ቡድን ስትገዛ መደራደር ይቻላል፤ የተስማማህበት ግን ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ። የወኪል የቃል ተስፋ ሆስፒታል በር ላይ አይሠራም።

ያልተፈታው የወላጆች ነገር ነው። ሦስቱም የሚሸፍኑት የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ብቻ ነበር። የብዙዎቻችን ትልቁ የሕክምና ወጪ ግን እናትና አባት ናቸው። ክፍለ ሀገር ወላጅ ላላቸው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ነገርናቸው። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የሰፋው ነው፤ ለገበሬውና ተቀጣሪ ላልሆነው ቤተሰብ በዓመት በሚከፈል መዋጮ በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ያሳክማል። ሾፌራችን የእናቱን መዋጮ በወንድሙ በኩል ከፍሏል። እዚሁ አዲስ አበባ ከልጃቸው ጋር ለሚኖሩት ግን እስካሁን መልስ አላገኘንም። ለሚቀጥለው ዓመት ውል የምናቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።