የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ ከወርድ ወደ ኢፐብ፦ ለአፕል፣ ለጉግልና ለኮቦ እንዴት እንዳዘጋጀሁት

ለሦስቱም የኢ-መጽሐፍ መደብሮች ያዘጋጀሁት አንድ ኢፐብ 3 (EPUB፣ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ጥቂት ለውጥ በእሱ ላይ ይጨመራል። መነሻዬ የወርድ ፋይሉ ነበር። ለማተሚያ ቤት ከተዘጋጀው ፒዲኤፍ መነሣትን አልመክርም። ፒዲኤፍ የሚይዘው ፊደሉ በገጹ ላይ ያረፈበትን ቦታ ስለሆነ ሲቀየር መስመሩ ሁሉ አንቀጽ ይሆናል፤ የገጽ ቁጥሩም ዓረፍተ ነገር መሐል ይገባል። ያንን በእጅ ከማቃናት የወርድ ፋይሉን አፈላልጎ ማግኘት ይሻላል።

አብዛኛው ሥራ ከቅየራው በፊት ያለው ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ የሆነ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት) መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በ3.0 እትም ነው። በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ለመለየት አንድ አንቀጽ ገልብጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ይበቃል። ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ከወጣ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይመለሳል፤ ከዚያ ግን ሙሉውን ማንበብ ግድ ነው። እንደ ሏ፣ ቧ፣ ጓ ያሉ ዲቃላ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ስሕተት ይደበቃል።

ሥርዓተ ነጥብ ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ነው። አራት ነጥብን አንዳንዱ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት፣ አንዳንዱ የእንግሊዝኛውን ኮለን በመደጋገም ይተይበዋል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። በወርድ ፈልጎ መተኪያ ሁሉንም ወደ ትክክለኛው ። ቀየርኳቸው። ቀጥሎ ከምልክቱ በፊት ያለውን ክፍት ቦታ አጠፋሁ። «ሄደ ።» ተብሎ የተተየበ ከሆነ ስልክ ላይ መስመሩ ሲጠብ አራት ነጥቡ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ለነጠላ ሰረዝና ለድርብ ሰረዝም እንዲሁ ነው።

የምዕራፍ ርዕሶች በወርድ «ሄዲንግ 1» ስታይል መሠራት አለባቸው። ፊደሉን አድምቆና አተልቆ የተጻፈ ርዕስ ማውጫ ውስጥ አይገባም።

ቅየራውን የሠራሁት ካሊበር በሚባለው የኢ-መጽሐፍ መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። ነባሪ ምርጫው ኢፐብ 2 ስለሆነ በቅየራ ምርጫዎቹ «EPUB Output» ገጽ ላይ ወደ 3 መለወጥ ያስፈልጋል። ከዚያ ፋይሉን ሲጂል በሚባለው የኢፐብ ማረሚያ ፕሮግራም ከፈትኩት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ፎንት። አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ያለው ኖቶ ፎንት አብሯቸው ይመጣል፤ የአፕል መሣሪያዎችም ከፋ የሚባለው አላቸው። ስለዚህ መጽሐፉን በስልክ ብቻ የሞከረ ሰው ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። የግዕዝ ፎንት በሌለው የንባብ መሣሪያ ላይ ሲከፈት ግን ገጹ በሙሉ ባዶ ሳጥን ነው። የአማርኛ አንባቢ ሳጥን ለማየት ገንዘብ ሊከፍል አይገባም! ፎንቱ መጽሐፉ ውስጥ መግባት አለበት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ነፃ የፎንት ፈቃድ ስላላቸው ከመጽሐፍ ጋር አሽጎ መሸጥ ይቻላል። ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፎንት ግን ኮምፒውተራችሁ ላይ ስላለ ብቻ አይታሸግም፤ ፈቃዱን ማንበብ ያስፈልጋል። እኔ የመረጥኩት ኖቶን ነው። አቢሲኒካ ውብ ቢሆንም ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው መሣሪያው ራሱ ሊያደምቀው ሲሞክር ፊደሉ ይደፈናል። ዘመም ያለ ጽሑፍ ካለ ወደ ቀጥታው መልሱት፤ ፊደላችን ተንጋዶ ሲታይ ያስቀይማል። የመስመር ርቀቱን 1.5 አደረግሁ። ሁለቱንም ጠርዝ ማስተካከሉን ትቼ በግራ ብቻ አሰለፍኩት፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ስለሆኑ ጠባብ ስክሪን ላይ በመሐላቸው ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል።

ስለ መጽሐፉ ያለው መረጃ በሚቀመጥበት በኦፒኤፍ ፋይሉ ውስጥ የቋንቋው ኮድ የአማርኛው «am» መሆን አለበት። እንግሊዝኛ ሆኖ ከቀረ ድምፅ አንባቢው በእንግሊዝኛ ሊያነበው ይሞክራል። የገጹን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ ፋይሉም ቃል በመስመር መጨረሻ በሰረዝ እንዳይቆረጥ ማዘዝ ይገባል። የውስጥ ፋይሎችን ስም በአማርኛ አትጻፉ፤ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን።

ኢፐብ በውስጡ ዚፕ ነው። ፈትቶ አርሞ በተራ ዚፕ ፕሮግራም መልሶ ማሸግ ፋይሉን ያበላሻል፤ «ማይምታይፕ» የሚባለው ትንሽ ፋይል መጀመሪያ ላይና ሳይጨመቅ መቀመጥ አለበት። ሲጂል ይህን ራሱ ያደርጋል። በመጨረሻ ኢፐብቼክ በሚባለው የኢፐብ መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሼ ስሕተቱ ዜሮ እስኪሆን አረምኩ።

ለአፕል በኦፒኤፉ ውስጥ «ስፔሲፋይድ ፎንትስ» የሚለውን ምልክት «ትሩ» ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያሸጋችሁት ፎንት ቀርቶ የመሣሪያው ሊታይ ይችላል። ጉግል ፕሌይ ኢፐብም ፒዲኤፍም ይቀበላል፤ ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው የሚመቸው ኢፐቡ ነው። ኮቦ መሣሪያ ላይ አንባቢው የአሳታሚውን ፎንት ካልመረጠ ሳጥኑ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ይህን በመጽሐፉ መግለጫ ላይ በአንድ መስመር ጻፍኩት።

አማዞን ላይ አላስገባሁትም። አማርኛ የአማዞን ኢ-መጽሐፍ አገልግሎት የሆነው ኪንድል ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁትም፤ እንግሊዝኛ ብሎ ማስመዝገብ ደግሞ መጽሐፉን ከመደብሩ ሊያስነሣው ይችላል። ለሌላ ቋንቋ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ያው ኢፐብ ይበቃል፤ ሞቢ የተባለው አሮጌ ቅርጽ ዛሬ ተቀባይነት የለውም።

ሽፋኑን በ1600 በ2560 ፒክሰል አዘጋጀሁት፤ አፕል በአጭሩ ጎን ቢያንስ 1400 ይፈልጋል። የማተሚያ ቤቱ ሽፋን ጀርባውና አከርካሪው አብሮት ስለሆነ የፊቱ ብቻ ተቆርጦ፣ ቀለሙም ከሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም ዓይነት) ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም ዓይነት) ይቀየራል።

የመጽሐፉን ርዕስ ከአማርኛው በተጨማሪ በላቲን ፊደል መግለጫው ውስጥ አስገቡ። ውጭ ያለ አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው በዚያ ነው። የደራሲው ስም ደግሞ በሦስቱም መደብር በአንድ ዓይነት ሆሄ ይጻፍ፤ አንዱ ጋ በ«ጸ» ሌላው ጋ በ«ፀ» ከተጻፈ እንደ ሁለት ደራሲ ሊቆጠር ይችላል።